ላይሰንስ የምትፈልጉ ነርሶች፣ የፈተና መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት

መልእክት ከሚልኩልኝ ነርሶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በአንድ ጥያቄ ነው። ለኤንክሌክስ፣ ለአሜሪካው የነርስ ላይሰንስ ፈተና፣ የትኛው መጽሐፍ ይሻላል? እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ። የተማርሽበት ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ኢሜይል ይመልሳል ወይ? የአእምሮ ጤና ልምምድ ስንት ሰዓት ወጥተሻል? ፓስፖርትሽና ዲግሪሽ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል ይገጥማል? አንዳንዶቹ ጥያቄያቸውን የሸሸሁባቸው ይመስላቸዋል። መጽሐፉን እነግራቸዋለሁ፣ እሱ ቀላል ነው። ግን አንድ አገር ተምሮ ሌላ አገር ነርስ ሆኖ መሥራት የሚፈልግ ሰው፣ እኔ እንዳየሁት፣ መንገድ ላይ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ፈተና ወድቆ አይደለም። ፋይሉ ሳይሟላ ነው። ፈተና ቢወድቁ ቀን ጠብቆ መድገም ይቻላል። ፋይል ሲቆም ግን የት ጋ እንደቆመ እንኳ ሳያውቁ ወራት ያልፋሉ፣ ተስፋም አብሮ ያልቃል፣ ከዚያ ጎበዝ የነበረች ነርስ ሌላ ሥራ ትጀምርና በዚያው ትቀራለች። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

እኔ ራሴ ያለፍኩት በአሜሪካው መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ የብዙ ጓደኞቼን ፋይል አብሬ አገላብጫለሁ፤ እንግሊዝ የሄዱ አሉ፣ ካናዳ የሄዱ አሉ፣ ጀርመንኛ እየተማሩ ያሉም አሉ። አገሩ ይለያይ እንጂ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ተመሳሳይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባን። የትኛውም ነርሶችን የሚመዘግብ አካል በእጃችሁ ይዛችሁ የምትቀርቡትን ዲግሪ ብቻ አይቶ አያምንም። እናንተን ንቆ አይደለም። ሐሰተኛ ወረቀት ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ፣ ማስረጃው ከምንጩ በቀጥታ እንዲደርሰው ይፈልጋል። ትምህርት ቤታችሁ ትራንስክሪፕቱን ራሱ ይልካል፣ የሙያ ፈቃድ የሰጣችሁ መሥሪያ ቤትም ፈቃዳችሁ የጸና መሆኑንና ክስ ወይም ቅጣት እንደሌለባችሁ ራሱ ይጽፋል። ፖስታው በእናንተ እጅ ካለፈና ከተከፈተ አይቆጠርም። ዋናውን ዲግሪ አስተርጉማችሁ፣ አስመስክራችሁ፣ ማኅተም በማኅተም አድርጋችሁ ብትልኩም መልሱ ያው ነው፤ «ከትምህርት ቤቱ አልደረሰንም»።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ገምጋሚዎቹ የሚያዩት መመረቃችሁን ብቻ አይደለም። ምን ተምራችሁ እንደተመረቃችሁ ነው። ለአሜሪካ የሚገመግመው ዋናው ድርጅት በ1977 (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የተቋቋመው ሲጂኤፍኤንኤስ ነው። በ2025 ስሙን ወደ ትሩሜሪት ቀይሯል፤ በሁለቱም ስም ብታገኙት አትደናገጡ፣ አንድ ነው። ይህ ድርጅት ትምህርታችሁን በየክፍሉ ይበትነዋል። የአዋቂዎች ሕክምናና ቀዶ ሕክምና፣ የእናቶችና የአራስ፣ የሕፃናት፣ የአእምሮ ጤና። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ስንት ሰዓት ተማራችሁ፣ ስንት ሰዓት ደግሞ ሆስፒታል ወጥታችሁ ተለማመዳችሁ ይላል።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚፈጠረው። የብዙዎቻችን ትራንስክሪፕት ክሬዲትና ውጤት ብቻ ነው የሚያሳየው። የኮርሱ ስም «ነርሲንግ ሦስት» ወይም «ክሊኒካል ፕራክቲስ ሁለት» ይባላል፣ በውስጡ ሕፃናት ይኑር እናቶች ይኑር ከውጭ ለሚያይ ሰው አይታወቅም። ገምጋሚው ደግሞ አይገምትም። ካልተጻፈ፣ አልተማራችሁም ማለት ነው። «የአእምሮ ጤና ልምምድ ይጎድላል» የሚል ደብዳቤ ይደርሳችኋል። ከዚያ በአዲሱ አገር ያንን አንድ ኮርስ ከነልምምዱ ፈልጉ ትባላላችሁ፤ አንድ ኮርስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው በሩን የሚከፍት ነርሲንግ ትምህርት ቤት ማግኘት ደግሞ በጣም ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የልምምድ ቦታው ለራሳቸው ተማሪዎችም አይበቃም።

አንዲት ጓደኛዬ ይሄ ገጥሟት ነበር። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠራች ልጅ ናት። «የአእምሮ ጤና ልምምድ የለሽም» ሲሏት ስልክ ደውላ አለቀሰች። «እህቴ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ሥራ ነው የለሽም ያሉኝ!» አለችኝ። ግን የሥራ ልምድ የትምህርት ሰዓትን አይተካም። ሁለቱ የሚመዘኑት ለየብቻ ነው። የእሷ ልምምድ የማኅበረሰብ ጤና በሚል ኮርስ ውስጥ ተደርቦ ነበር የተሰጠው። የድሮ አስተማሪዋን አፈላልጋ አገኘች፣ የዚያን ዘመን የኮርስ ዝርዝር ከመዝገብ አስወጣች፣ ትምህርት ቤቱም የኮርሱን ሰዓት በትክክል ከፋፍሎ ማብራሪያ ጻፈላት። አለፈች። ያ ደብዳቤ ማመልከቻዋን ሳታስገባ በፊት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ሁሉ ለቅሶና ያ ሁሉ መጠበቅ አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ከምንም በፊት የኮርሶቻችሁን ዝርዝር፣ ሲለበስ የምንለውን፣ በእጃችሁ አስገቡ። ገምጋሚው የሚልከውን ፎርም ቀድማችሁ አውርዱና አንብቡት። ከዚያ የእያንዳንዱን ኮርስ የክፍል ሰዓትና የልምምድ ሰዓት ለይታችሁ ረቂቅ ሥሩ። ሬጅስትራሩ ቢሮ ያለው ሰው ፎርሙን ከዚህ በፊት አይቶት ላያውቅ ይችላል፣ ሥራም በዝቶበታል፣ ሲቸግረው ጠረጴዛው ሥር ያስቀምጠዋል። ረቂቁንና የኮርስ ዝርዝሩን አያይዛችሁ «እባክዎ ከመዝገቡ ጋር አመሳክረው ይሙሉልኝ» ብትሉት ግን ሥራው ይቀልለታል። የሚቻል ከሆነ በአካል ሄዶ የሚከታተል የምታምኑት ሰው ይኑራችሁ። ስልክና ኢሜይል ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ወይም ከሌላ ጋር ተዋህዶ ከሆነ ደግሞ መዝገቡን የተረከበው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሩ።

አንድ ነገር አደራ። «ሰዓቱን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ» ብላችሁ ማንንም አትለምኑ። ገምጋሚዎቹ ከአንድ ትምህርት ቤት የብዙ ሰው ፋይል ያያሉ፣ በአንድ ዓመት የተመረቁ ሁለት ሰዎች ሰዓታቸው ሲለያይ ወዲያው ይታያቸዋል። በማጭበርበር ከተያዛችሁ እናንተ ብቻ ሳትሆኑ ከዚያ ትምህርት ቤት የሚመጡ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያሉ። የጎደለ ካለ ጎድሏል ተብሎ ማሟላት ይሻላል።

ስም! ይሄን ነገር ሰው ይንቀዋል። በአንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል፣ በሌላው በሁለት ፊደል የተጻፈ ስም፣ አንዱ ላይ የአያት ስም ያለበት ሌላው ላይ የሌለበት፣ ከጋብቻ በኋላ የተቀየረ ስም። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ነው። ፈተና ለመቀመጥ የተመዘገባችሁበት ስም ከመታወቂያችሁ ጋር ካልገጠመ በሩ ላይ ይመልሷችኋል። ፓስፖርታችሁን መሠረት አድርጉ፣ ሌላውን ሁሉ ወደ እሱ አስጠጉ፣ የማይስተካከለውን ደግሞ የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚገልጽ ሕጋዊ ማስረጃ አያይዙበት።

የመጀመሪያ ፈቃዳችሁንም አታሳልፉት። ሰው ከአገር ከወጣ በኋላ «ምን ያደርግልኛል» ብሎ ሳያድሰው ይቀራል። ግን አዲሱ አገር የሚጠይቀው ያንን ፈቃድ ነው። ብዙ ቦታ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ውስጥ መሥራታችሁን ማየት ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ከሥራ የራቃችሁበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል።

አሁን ወደ አገር ምርጫ። ይህን አሳጥረዋለሁ፣ ምክንያቱም ዝርዝሩን ከራሳቸው ገጽ ማንበብ አለባችሁ፣ ሕጉም ይቀያየራል። ዋናው ቁም ነገር አገሩን መጀመሪያ መምረጥ ነው። ለአንዱ ያስገባችሁት ፋይል ለሌላው አይሠራም።

አሜሪካ ውስጥ ላይሰንስ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት አይደለም፣ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የነርሶች ቦርድ አለው። አንዱ ስቴት የሲጂኤፍኤንኤስን ሙሉ ግምገማ ይጠይቃል፣ ሌላው ራሱ ይገመግማል፣ ሌላው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌላችሁ አይቀበልም። ፈተናው ግን በሁሉም ስቴት አንድ ነው። ከውጭ በሥራ ቪዛ የምትመጡ ከሆነ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ቪዛስክሪን የሚባል ሌላ ማረጋገጫም ያስፈልጋል። እሱ ከላይሰንሱ የተለየ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ያደባልቀዋል። ካናዳ ከ2015 ጀምሮ የአሜሪካኑን ኤንክሌክስ ትጠቀማለች፤ ኩቤክ ዘግይታ በ2024 ገብታለች። ሰነዱን ከኩቤክ ውጭ ባሉት ክፍለ ግዛቶች ኤንኤንኤኤስ የሚባል ድርጅት ሲገመግም ቆይቷል፣ አንዳንዶቹ ክፍለ ግዛቶች ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የራሳቸውን አጠር ያለ መንገድ ከፍተዋል። አውስትራሊያ ከ2020 ወዲህ ትምህርታቸው ከእሷ ጋር አቻ ነው ብላ ያልተቀበለቻቸውን ነርሶች ኤንክሌክስ ታስፈትናለች፣ ከዚያ እዚያው አውስትራሊያ የተግባር ፈተና አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰነዱን ከምንጩ የሚያጣራው ብዙውን ጊዜ ዳታፍሎ የሚባል ድርጅት ነው፣ ፈተናውም በኮምፒውተር ነው፣ ከምረቃ በኋላ የሠራችሁበት ልምድም ይጠየቃል። ጀርመን ደግሞ ቋንቋው ዋናው ግድግዳ ነው። ብዙውን ጊዜ ቢ2 የሚባለው፣ ከመካከለኛ ከፍ ያለ የጀርመንኛ ደረጃ ይፈለጋል፤ ትምህርታችሁ ከእነሱ ጋር ልዩነት ካለው የእውቀት ፈተና ትወስዳላችሁ ወይም ሆስፒታል ውስጥ የማሟያ ሥልጠና ትገባላችሁ።

እንግሊዝ ለብዙዎች ግልጽ የሆነ መንገድ አላት። የነርሶችና አዋላጆች ካውንስሉ ሁለት ፈተና ይሰጣል። የመጀመሪያው በኮምፒውተር ነው፣ ካላችሁበት አገር ሆናችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ሁለተኛው ኦስኪ የሚባለው የተግባር ፈተና ነው፣ እሱ እንግሊዝ ከገባችሁ በኋላ ነው። በየተራ የምትፈተኑባቸው 10 ጣቢያዎች አሉት።

ስለ ቋንቋ ፈተና ትንሽ ልበል። ለእንግሊዝ አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ንባብ፣ ማዳመጥና ንግግር 7፣ ጽሑፍ ደግሞ 6.5 ይጠየቃል። ጽሑፉ ብዙ ሰው ይጥላል። ኦኢቲ የሚባለው አማራጭ ለጤና ባለሙያ ተብሎ የተሠራ ነው። ጽሑፉ የታካሚ ደብዳቤ ነው፤ የታካሚውን ማስታወሻ ይሰጧችኋል፣ ለሚቀጥለው ተንከባካቢ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ። ንግግሩም ከታካሚ ወይም ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ ውይይት ነው። ስለ ከተማ ትራፊክ ወይም ስለ ቴክኖሎጂ ድርሰት መጻፍ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ፣ ወደ ኦኢቲ ሂዱ ነው የምለው። አንድ ነርስ በየሺፍቱ የምታስረክበውን ነገር ነው የሚጠይቃት። ብቻ የቋንቋ ውጤት ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓመት በኋላ አይሠራም። ፋይላችሁ ገና ከሆነ ቀድማችሁ አትቀመጡ። ሰነዱ ሲያልቅ ውጤቱ ጊዜው ያለፈበት ሰው አውቃለሁ፣ እንደገና ከፍላ እንደገና ተፈተነች።

እንግዲህ ኤንክሌክስ። ስለሱ ብዙ ስለምትጠይቁኝ ዘርዘር ላድርገው።

ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ከ1994 ጀምሮ እንደዚያ ነው። ጥያቄው እንደ መልሳችሁ ይለዋወጣል። በትክክል ስትመልሱ የሚቀጥለው ይከብዳል፣ ስትሳሳቱ ይቀላል። ትንሹ 85 ጥያቄ ነው፣ ትልቁ 150፣ ጊዜው 5 ሰዓት። ኮምፒውተሩ የምትቆሙበት ደረጃ ከማለፊያው በላይ ወይም በታች መሆኑን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሲያውቅ ያቆማል። ስለዚህ «85 ላይ ከቆመብሽ አልፈሻል» የሚለውም፣ «85 ላይ ከቆመብሽ ወድቀሻል» የሚለውም ወሬ ነው። ሁለቱም ይሆናል። 150 የደረሰ ሰውም ያልፋል። ጥያቄው እየከበደባችሁ ሲሄድ አትርበትበቱ፣ እንዲያውም ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ፈተናው ተቀይሯል። አሁን ሦስት ረጃጅም የታካሚ ታሪኮች ይመጣሉ፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ጥያቄ አላቸው። ስድስቱ ጥያቄዎች የነርስ አእምሮ የሚሄድበትን ቅደም ተከተል ይከተላሉ። ምልክቱን አይቶ መለየት፣ ምን እንደሚያመለክት ማሰብ፣ ከሚያሰጉት ነገሮች የቱ እንደሚቀድም መወሰን፣ ምን ሊደረግ እንደሚችል ማውጣት፣ ማድረግ፣ ከዚያ ሠርቷል ወይስ አልሠራም ብሎ መመዘን። ብዙ መልስ ምረጡ በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ድሮ አንዷን ከሳታችሁ ሙሉውን ታጡ ነበር፣ አሁን ከፊል ነጥብም አለ። ከ2023 በፊት የታተመ መጽሐፍ ከሰው ተቀብላችሁ የምታነቡ ከሆነ እሱን ብቻ ይዛችሁ አትግቡ።

ውጭ የተማርን ነርሶች የማለፍ መጠናችን አሜሪካ ከተማሩት በጣም ያነሰ ነው። ይህን ሳስብ የሚያናድደኝ፣ እውቀት አንሶን አለመሆኑን ስለማውቅ ነው። አስለቃሽ በሆነ የታካሚ ብዛት ውስጥ ሠርተን የመጣን ሰዎች ነን። ግን ፈተናው የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። የሚጠይቀው «ማንን መጀመሪያ ታያለሽ?» እና «ይሄን ሥራ ለማን ትሰጫለሽ?» ነው።

አንድ ምሳሌ ላምጣ፣ እኔ ለጓደኞቼ የምሰጠው ነው። አራት ታካሚ አላችሁ። አንዱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመሙ ከ10 ሰባት ነው፣ ይጮኻል። ሁለተኛዋ የስኳር ታካሚ ናት፣ የደም ስኳሯ 180 ነው። ሦስተኛው የቆየ የሳንባ በሽታ ያለበት ነው፣ ኦክስጅኑ 90 በመቶ ነው። አራተኛው ትናንት የጭን አጥንቱ የተሰበረ ወጣት ነው፣ አሁን ድንገት ትንፋሽ አጠረው፣ መቀባጠርም ጀመረ። ወደ ማን ትሮጣላችሁ? ብዙዎች ሦስተኛውን ይላሉ፣ 90 የሚለው ቁጥር ስለሚያስፈራ። ግን ለእንደዚህ ዓይነት የሳንባ ታካሚ ከ88 እስከ 92 የሚጠበቅ ነው። የሚጮኸው ታካሚ ያሳዝናል፣ ሕመሙ ግን የሚጠበቅ ሕመም ነው። ወጣቱ ነው የሚቀድመው፤ አጥንቱ ሲሰበር ወደ ደም የገባ ስብ ሳንባው ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጡት ይችላሉ። የሚጠበቅና የማይጠበቅ፣ የቆየና ድንገተኛ፣ የተረጋጋና ያልተረጋጋ። ይሄን መለየት ከለመዳችሁ የፈተናው ግማሽ ይቀልላችኋል።

ሥራ ማከፋፈልም እንዲሁ ነው። ሁሉን ነገር ነርሷ ራሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነው። እዚያ አገር ከነርሷ ሥር ፕራክቲካል ነርስ አለ፣ ረዳት አለ። ረዳቷ የተረጋጋን ታካሚ ታጥባለች፣ ታራምዳለች፣ የደም ግፊት ትለካለች። መመርመር፣ ማስተማርና መመዘን ግን የነርሷ ብቻ ነው፣ አይሰጥም። አዲስ የገባ ታካሚን የመጀመሪያ ምርመራ ለረዳት የሰጠ መልስ ሁሌም ስህተት ነው።

ትንንሽ የሚመስሉ ግን የሚያደናቅፉ ነገሮችም አሉ። ፓራሲታሞል የምንለው እዚያ አሲታሚኖፌን ነው፣ ሳልቡታሞል አልቡተሮል ነው፣ አድሬናሊን ኤፒነፍሪን ነው፣ ፔቲዲን ሜፔሪዲን ነው። የደም ስኳር አሜሪካ የሚለካው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፣ እንግሊዝ በሚሊሞል በሊትር ነው፣ ለመቀየር በ18 ማባዛት ወይም ማካፈል። ያለማጋነን ቁጥሩን አይታችሁ ወዲያው ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ ማለት ካልቻላችሁ ጊዜ ይበላባችኋል።

ለእንግሊዙ ኦስኪ ደግሞ ምክሬ አንድ ነው። ተናገሩ። የምታደርጉትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። እጃችሁን ስትታጠቡ፣ የታካሚውን ማንነት ስታረጋግጡ፣ አለርጂ ስትጠይቁ፣ ፈቃድ ስትጠይቁ። ለዓመታት በዝምታ የሠራነውን ሥራ በቃል ማውጣት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ፈታኙ ግን ያላየውንና ያልሰማውን ነጥብ አይሰጥም። ኒውስ ቱ የሚባለውን የታካሚ መከታተያ ቻርት በደንብ ልመዱት፣ አሞላሉ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል።

የመጠበቁን ጊዜ በተመለከተ የምር ማለት የምፈልገው ነገር አለ። ለዓመታት ሲስተር እየተባልኩ ከሠራሁ በኋላ ፋይሌ እስኪያልቅ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ከባድ ነው። በእጄ ስንት ጊዜ የሠራሁትን ነገር ሌላ ሰው ሲሠራው ቆሜ አያለሁ። የምሠራበት ቦታ አንዳንዱ ሰው «ነርስ ነበርኩ» ስል ፊቱን ያዞር ነበር። ቢሆንም ይሄን ጊዜ አልጠላውም። የሥራውን ቋንቋ የተማርኩት እዚያ ነው። ሺፍት እንዴት እንደሚረከቡ፣ ሐኪም እንዴት እንደሚጠራ፣ ቻርት ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ሰው ሲሞት ለቤተሰብ ምን እንደሚባል።

አንድ ሌሊት አንዲት አዛውንት ታካሚ አተነፋፈሷ አላማረኝም። እኔ ረዳት ነኝ፣ ኦክስጅን መጨመር አልችልም፣ ከፈቃዴ ውጭ ነው። ነርሷን ጠርቼ «የሆነ ነገር ሆናለች» አላልኳትም። የክፍሉን ቁጥር፣ ስሟን፣ በደቂቃ 32 ጊዜ እንደምትተነፍስ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት 18 እንደነበር፣ አሁን ስትጠየቅ እንደማትመልስ፣ መጥታ እንድታያት እንደምፈልግ ነገርኳት። ነርሷ ሮጠች። ሁኔታው፣ የኋላ ታሪኩ፣ ያየሁት፣ የምፈልገው። ኤስባር ይሉታል፣ የትኛውም ዋርድ ላይ ይሠራል። ረዳት ሆናችሁ እየሠራችሁ ከፈቃዳችሁ በላይ ግን እንዳትሄዱ፣ ምንም ያህል ብትችሉም፣ ነርሷ ራሷ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ ስጪላት» ብትላችሁም። ያለ ፈቃድ የሰጣችሁት አንድ መርፌ ገና ያልወጣ ላይሰንሳችሁን ሊያስቀርባችሁ ይችላል።

ሌላው ኤጀንት ነው። ጥሩዎች አሉ። ግን ላይሰንስ ሳትይዙ ውል የሚያስፈርሙ፣ ውሉን ካፈረሳችሁ ትልቅ ገንዘብ ትከፍላላችሁ የሚሉ፣ ዋናውን ሰነድ እኛ ጋ ይቀመጥ የሚሉ አሉ። ዋናውን ሰነድ ለማንም አትስጡ። ውሉን ሳታነቡ፣ ካልገባችሁም የሚያነብላችሁ ሰው ሳታገኙ አትፈርሙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ያወጣው የጤና ባለሙያ ቅጥር ደንብ አለ፣ ከውጭ የመጣ ነርስ በውል፣ በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ከአገሬው እኩል መታየት እንዳለበት ይናገራል። እንግሊዝም የራሷ ደንብ አላት፣ በእሱ መሠረት መልማይ ኤጀንሲ ሥራ ስላገኘላችሁ ከእናንተ ገንዘብ መውሰድ የለበትም። ይህን እያወቃችሁ ስትነጋገሩ አነጋገራችሁም ይለወጣል። በቴሌግራም «የወጣ ጥያቄ» የሚሸጡትን ደግሞ አትጠጉ። ፈተናው ከትልቅ የጥያቄ ክምችት ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስለሚመርጥ የሚሸጡላችሁ ነገር አይጠቅማችሁም፣ ከተያዛችሁ ግን ውጤታችሁ ይሰረዛል።

በ2025 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሰባት ነርሶች አንዱ ከተወለደበት አገር ውጭ ነው የሚሠራው። ሀብታም አገሮች ውስጥ ደግሞ ድርሻው 23 በመቶ ነው። ፋይላችሁን የሚያነበው ገምጋሚ የእናንተን ዓይነት ጉዳይ ከዚህ በፊት አይቷል፤ መልስ ዘገየ ብላችሁ በትሕትና ግን ሳትሰለቹ ጻፉ፣ የጻፋችሁበትን ቀንና የተሰጣችሁን መልስ በአንድ ደብተር ላይ አስፍሩ።

ገና ተማሪ የሆናችሁም ይህን እያነበባችሁ ከሆነ፣ ከምረቃ በፊት የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝርና የልምምድ መዝገባችሁን ቅጂ ውሰዱ። የትኛው ዋርድ ስንት ሰዓት እንደወጣችሁ፣ ማን እንደፈረመላችሁ። አስተማሪዎቻችሁ አሁን በስም ያውቋችኋል፣ ቢሯቸው እዚያው ግቢ ነው፣ ዛሬ የምትጠይቁት ነገር አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል። የተመረቃችሁት ደግሞ ለሬጅስትራሩ የምትልኩትን ኢሜይል እንዴት እንደምትጽፉት ካልመጣላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።